እታለም፣ ቀብዱን እንዳትቀበይ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ። እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራውም ጤናውም አለ።

ትናንት የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ደላላው የአባባን ቤት የሚገዛ ሰው ከባሕር ዳር ይዞ ዘጌ ድረስ መጥቷል፣ ቀብድ ዛሬውኑ እንስጥሽ ብለውሻል፣ እስከ እሑድ ካልወሰንሽ ደግሞ ሌላ ቤት እናያለን ብለዋል። ድምፅሽ ጭንቀት አለበት። ጣሪያው እያፈሰሰ ነው፣ የልጅቷም የትምህርት ወጪ አለ፣ ብሩ ቶሎ እንደሚያስፈልግሽ አውቃለሁ። ግን እባክሽ እታለም፣ ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ ቀብዱን እንዳትነኪ።

ቀብድ ሲሰጡሽ ቀላል ይመስላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ የሰጠው ይቀርበታል፣ የተቀበለ ሰው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 50 ሺህ ብር ተቀብለሽ በማግስቱ ሐሳብሽን ብትቀይሪ 100 ሺህ አምጪ ነው የሚሉሽ። ከየት ታመጫለሽ? ሰው ቀብድ ከተቀበለ በኋላ እንቅልፍ የሚያጣው በዚህ ነው።

እኔ ዘንድሮ እዚህ ቤት ስገዛ ያየሁትን ልንገርሽ። የገዛሁባት ቦታ ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ብሩክስ ከምትባለው ከተማ ወጣ ብላ ያለች ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ዙሪያዋ ሜዳ፣ እርሻና ከብት ነው። ቤት ፍለጋ ስጀምር በሆዴ የነበረው ያው የእኛ አገር ፍርሃት ነው፤ ዛሬ ካልያዝኩት ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል እያልኩ። የቤት ሽያጭ ወኪሏ ግን ረጋ በል አለችኝ። እዚህ አካባቢ ገበያው ሚዛኑን የጠበቀ ነው አለች። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳት። አዲስ ለሽያጭ ከሚወጡት 100 ቤቶች ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት ከተሸጡ ሻጭና ገዢ እኩል ይነጋገራሉ ማለት ነው። ከ60 በላይ ከሆነ ሻጩ ይኮራል፣ ከ40 በታች ከወረደ ገዢው እንደልቡ ይሆናል።

ቤቱ ለሽያጭ ከወጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ሻጮቹ ባልና ሚስት አርጅተዋል፣ ልጆቻቸው ወዳሉበት ሊሄዱ ነው፣ ግን አልቸኮሉም። 285 ሺህ ዶላር ጠየቁ፣ እኔ 268 ሺህ አልኩ፣ 277 ሺህ ላይ ተስማማን። ማንም ማንንም አልተቆጣም። ከዚያ በፊት ግን የጉድጓዱ ውኃ ተመረመረ። የቤት መርማሪው የመጸዳጃውን ማጠራቀሚያ ክዳን አንስቶ በባትሪ ወደ ውስጥ ሲያይ ሽማግሌው አጠገቡ ቆመው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ መቼ እንዳስቆፈሩትና መቼ እንዳስጠረጉት አንድ በአንድ ነገሩን። የውኃው ፓምፕ እንዳረጀም ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። መያዣ ብዬ የሰጠሁት ገንዘብም እሳቸው እጅ አልገባም፤ ሁሉም ነገር እስኪያልቅ በአደራ ሒሳብ ተቀመጠ። ያን ጊዜ አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ።

ዘጌ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እኔ መሬቱንም ቤቱንም ነው የገዛሁት። እኛ አገር መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። የሚሸጠው ቤቱ ነው። እስቲ ያን ሰውዬ በደንብ ጠይቂው፣ የሚገዛው ምኑን ነው? በጭቃ የተመረገውን ግድግዳና የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ነው? አይመስለኝም። ዓይኑ ያለው ከጓሮ ካለው ቡና ላይ ነው። ሎሚውና ጌሾውም አለ። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳማቱ ሥርዓት ክልክል ነው፣ ከብትም አይረባም፤ የቤተሰቡ እርሻ ያ ከዛፍ ሥር ያለው ቡና ነው። ወረቀቱ ቤት እያለ አፍ መሬት ካለ፣ ነገ ፍርድ ቤት የምትመላለሽው አንቺ ነሽ። ደላላው ኮሚሽኑን ይዞ ሄዷል።

ደግሞ አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር እስከ ዛሬ በአባባ ስም ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አላወጣንም። ሦስታችንም ወራሾች ነን፣ ሦስታችንም ሳንስማማ አንቺ ብቻሽን ብትፈርሚ ጣጣው አንቺ ላይ ነው የሚወድቀው። እኔ ኦታዋ ባለው ኤምባሲያችን በኩል ውክልና እልክልሻለሁ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ። የቤት ሽያጭ ውልም በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ፊት መፈረም አለበት እንጂ ሻይ ቤት ተቀምጦ በሁለት ምስክር አይደለም።

ዋጋውንም ከአንድ ደላላ አፍ አትስሚ። እዚህ ዋጋ በአደባባይ ይለጠፋል፣ እኛ ጋ በሹክሹክታ ነው። ስለዚህ በቅርብ ቤት የሸጡ ጎረቤቶችን ጠይቂ፣ ሁለት ሦስት ሰው። የቡናውን ምርት በዓመት ስንት እንደሸጥሽውም ጻፊው። እሱን ሳታውቂ ዋጋ አትጥሪ።

ለጣሪያው የሚሆን ብር ሰኞ እልካለሁ፣ የልጅቷንም የትምህርት ወጪ እኔ እችላለሁ። ይህን የምለው ቤቱ እንዳይሸጥ ብዬ አይደለም። እዚያ የምትኖሪው አንቺ ነሽ፣ ክረምቱን የምታድሪበት አንቺ ነሽ። መሸጥ ካሰብሽ እንሸጣለን፣ ግን ስላፈሰሰ አይደለም፣ እሑድ ስለተባለም አይደለም። እግዚአብሔር ከፈቀደ ለየካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት እመጣለሁ። ዑራ ገዳም ሄደን ተሳልመን ስንመለስ ሦስታችንም ሎሚው ሥር ቁጭ ብለን እንወስናለን።

እስከዚያ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንሺና በቴሌግራም ላኪልኝ። ውጭ በቀን ብርሃን አንሺው፣ ባለፈው የላክሽው ላይ የአባባ ስም አይነበብም ነበር።

ወንድምሽ