አስኩ፣ ስለ ቱርክ ጠይቀሽኝ ነበር

ይድረስ ለምወድሽ ለአስኩ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ልጆቹስ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ደሴም እንደምታውቂያት ናት። ክረምቱ ገብቶ የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቧል። ሱቁ ይሠራል፣ ገበያው ግን ቀዝቀዝ ብሏል።

«ቱርክ ሄደሽ ምን አየሽ?» ብለሽ ከጠየቅሽኝ ስንት ጊዜ ሆነው! በስልክ ጀምሬ የምጨርሰው ወሬ ስላልሆነ ዝም አልኩ። ዛሬ ዝናቡ ደንበኛ ስላስቀረብኝ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ኢስታንቡል የሄድኩት ለዕቃ ነው። ላሌሊ የሚባል ሰፈር አለ፣ ከዳር እስከ ዳር የጅምላ ልብስ ነው። ሻንጣ የሚጎትት ሀበሻ አታጪም። እዚያ ውለሽ አድረሽ ቱርክን አየሁ ማለት አትችዪም። ቱሪስት የሚበዛበት ሱልጣንአህመድ አካባቢም ምግብ ቤት ገብቻለሁ። አስተናጋጁ ቢላዋውን እያሽከረከረ ለካሜራ ይጨፍራል። ከባቡ ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። ስለ ሰዎቹ ግን ምንም አልነገረኝም። ሂሳቡ ሲመጣ ብቻ ብዙ ነገረኝ።

ቱርክን ያየሁት ኢዝሚር ነው። የእህቴ ልጅ እዚያ እንደምትማር ታውቂያለሽ። አንድ ቀን አብረን ስንወጣ መንገድ ዳር ሰው ተሰልፏል። ሰፊ ድስት ውስጥ ዘይት ይንተከተካል። ሰውየው ከቦምቦሊኖ አነስ ያለ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ሊጥ ይጠብሳል። ቀላ ሲል በጭልፋ ያወጣና የፈላ ስኳር ውስጥ ይነክረዋል። እኔም ተሰለፍኩ። ቀረፋ ነስነስ አድርጎ በወረቀት ሳህን ሰጠኝ። ቦርሳዬን ስከፍት በእጁ ተዪው አለኝ። የእህቴ ልጅ ጎሸም አደረገችኝ። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ አይሸጥም!»

ለካ ሰው ሞቷል። ጋሪው ላይ የሟቹ ስም ተለጥፏል። ቤተሰቡ ለነፍሱ ብሎ መንገደኛውን ሁሉ ያበላል። ሎክማ ይሉታል። ሀብታም ነሽ ድሃ ነሽ፣ ከየት መጣሽ የሚልሽ የለም። ትበያለሽ፣ «አላህ ይቀበል» ትያለሽ፣ መንገድሽን ትቀጥያለሽ።

ወላሂ አስኩ፣ ወዲያው ትዝ ያሉኝ እናትሽ ናቸው። ከቀብር ስንመለስ በእፍኝ የታደልነው ንፍሮ። እናቴ ሌሊቱን ከእድርተኞቹ ጋር ስንዴና ባቄላ ስትለቅም አድራ ነበር። የተዝካራቸው ዕለት ደግሞ ለእኛ ተለይቶ የታሰረው በግ! አባባ ቢስሚላህ ብሎ ሲያርድ የአንቺ አጎት ገመዱን ይዘውለት ነበር። ለናንተ ጠላ፣ ለእኛ ብርዝ፣ ቡናው የጋራ። ይህን እያሰብኩ ባዕድ አገር ጎዳና ላይ ሽሮፕ እጄ ላይ እየተንጠባጠበ አለቀስኩ። የእህቴ ልጅ አፈረችብኝ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ጠያቂ ሆንኩ። የልጅቷ ጎረቤት አንዲት እናት አሉ፣ እማማ ነው የምላቸው። ሰው ሲሞት ቤት ውስጥ ሰሞሊና በቅቤ እንደሚቆላ ነገሩኝ፣ ሃልዋ ነው። ሴቶቹ ማማሰያውን ይቀባበላሉ። ማማሰያው እጇ የገባ ሁሉ ለሟቹ ዱዓ እያደረገች ታማስላለች። ምግቡን ለለቀስተኛው ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ነው። የእኛን የለቅሶ ቤት ስነግራቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

ቡናም አፈሉልኝ። ዱቄቱ እንደላመ ከነአተላው በትንሽዬ ሲኒ፣ ከጎኑ ውሃ። አቦሉን ጠጥቼ ቶና ስጠብቅ ሲኒውን ገለበጡት! በቃ፣ አንድ ብቻ ነው። አተላውን አይተው «መንገድ ይታይሻል» አሉኝ። ሻንጣ ይዤ ለመጣሁ ሰው መንገድ ማየት ምን ያስቸግራል? ግን ለቡና ያላቸው ክብር የዋዛ አይደለም። የአንድ ሲኒ ቡና ውለታ አርባ ዓመት ይቆያል የሚል ተረት አላቸው። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ ደግሞ ልጅቱ ለወንዱ ሲኒ ጨው ትጨምርበታለች። ፊቱን ሳያጨማድድ መጨለጥ አለበት። እኛ ሰፈር ቢጀመር ስንቱ ይወድቅ ነበር!

ዩኔስኮ ይህን የቡና ባህላቸውን በ2013 እ.ኤ.አ. መዝግቦላቸዋል። መንገድ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ የሚጠጡት ሻይ ነው። ነገሩን የእህቴ ልጅ አስረዳችኝ። ድሮ ቡናው ከየመን ነበር የሚመጣው። የኦቶማን መንግሥት ፈርሶ የመን ከእጃቸው ስትወጣ ቡና ተወደደ። መንግሥትም ጥቁር ባሕር ዳር፣ ሪዜ ላይ፣ ሻይ አስተከለ። ብርጭቆሽ ባዶ ከሆነ ይሞላል። ለማስቆም ማንኪያውን አፉ ላይ አጋድመሽ ታስቀምጫለሽ። ይህን እስካውቅ ድረስ ሆዴ ሊፈነዳ ነበር።

ዳቦ ቤቶቹንም ብታዪ ትወጃቸው ነበር። የሁለት ዳቦ ከፍሎ አንዱን ለሌለው ሰው ትቶ የሚሄድ አለ። የቸገረው ገብቶ ይወስዳል፣ ማን እንደከፈለለት አያውቅም።

ይልቅ የእናትሽ የእትዬ ብርቄ ሙት ዓመት ደርሷል። ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ ጻፊልኝ። የእኛን በግ አባባ እኔ ነኝ የምገዛው ብሏል፣ አትከራከሪው። ዳቦውንና ቡናውን ለእኔ ተዪው። ሊጡ እሺ ካለኝ ሎክማም እሞክራለሁ፣ ለድንኳኑ ልጆች ይሆናል። ከጾም ጋር ከተገጣጠመ ግን አስቀድመሽ ንገሪኝ፣ ሊጡን በወተት እንዳላቦካው። ከአዲስ አበባ ስትነሺ ደውዪ፣ መናኸሪያ መጥቼ እወስድሻለሁ።

ዘሃራ፣ ከደሴ