ከደመወዝ የሚቆረጠው የሥራ አጥነት መድን አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

የደመወዝ ግብሩ ከተሻሻለ ወዲህ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም በደሴ የግል ትምህርት ቤቶችም «ጡረታውስ ቀነሰ ወይ? ሥራ ባጣስ ከሱ ይከፈለኛል ወይ?» የሚል ጥያቄ በርክቷል። ሁለት የተለያዩ ተቀናሾች ስለተደባለቁ ነው።

የተለወጠው ግብሩ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ጡረታው ግን ያው ነው፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ።

መደበኛ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሠራተኛ፣ ደመወዙ በ20 በመቶ ተባዝቶ በግብር ሠንጠረዡ ላይ ያለው ተቀናሽ 500 ብር ሲነሳለት ግብሩ 700 ብር ይመጣል። በቀድሞው ሠንጠረዥ 935 ብር ይከፍል ነበር። ጡረታው 420 ብር ስለሆነ እጁ የሚገባው 4,880 ብር ነው። የአሠሪው 660 ብር ከዚህ ላይ አይቆረጥም፤ በፔሮሉ (በደመወዝ መክፈያው) ላይ ከሠራተኛው ተቀናሽ ጋር ተደምሮ ከተገኘ ስህተት ነው።

ስህተቱ የሚበዛው ሒሳቡን ከሌላ ድርጅት በተገለበጠ ኤክሴል በሚሠሩት ዘንድ ነው (እንዲህ የሚሠራው ደግሞ ጥቂት አይደለም)። አንዳንዱ 500ውን መቀነስ ረስቶ 1,200 ብር ግብር ይቆርጣል። ሌላው ጡረታውን አስቀድሞ ቀንሶ ግብሩን በ5,580 ብር ላይ ያሰላና 616 ብር ያደርሰዋል። ሠራተኛው ለጊዜው ደስ ይለዋል፤ የጎደለው 84 ብር ግን በኦዲት ይመጣል። ግብሩ የሚሰላው ጡረታ ሳይነሳ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ በአገራችን የሥራ አጥነት መድን የለም። የጡረታ መዋጮውም ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ አይደለም። የሚደርሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የተደነገገው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው፤ እሱም ስንብቱ አዋጁ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች በአንዱ ሲሆን ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይታሰባል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀንስ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። በቀን 200 ብር የሚታሰብለት የአራት ዓመት ሠራተኛ በቅነሳ ቢወጣ ለአራቱ ዓመት 12,000፣ ለ60 ቀኑ 12,000፣ በድምሩ 24,000 ብር ይደርሰዋል፤ ግብር ሳይነሳ።

ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤው ላይ «ደመወዝ 3,000፣ አበል 3,000» ብሎ መጻፍ ሠራተኛውን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። ጡረታው የሚሰላው በ3,000 ነው፤ የስንብት ክፍያውም እንዲሁ በግማሽ ይወርዳል። በየወሩ እጁ የሚገባው ገንዘብ ያው ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ስለሚመስለው ብዙ ሠራተኛ ሳያጉረመርም ይፈርማል። አሠሪዎች በደመወዝ መክፈያው ላይ መደበኛ ደመወዝን፣ አበልን፣ ግብርን፣ የሠራተኛውንና የአሠሪውን ጡረታ በየራሱ ዓምድ ይጻፉት፤ ሠራተኛውም ሳይፈርም ዓምዱን ያንብብ፣ ቅጂውንም ይያዝ።

አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ