የመስታወት መወልወያው ጨርቅም በውል ላይ ይጻፍ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ የጨረታ ገጽ ላይ የሚወጡትን የጽዳት አገልግሎት ማስታወቂያዎች፣ እንጀራዬ በመሆናቸው፣ ሳላነብ አላልፍም። በአዲስ አበባ የሕንፃ መስታወት በማጽዳት ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻዎቹን 6 ዓመታት ያሳለፍኩት በፎርማንነት ነው። የጨረታ ሰነድ ገዝተን ስንከፍት የሠራተኛው ብዛት፣ የደንብ ልብሱ፣ የፈሳሽ ሳሙናው ሊትር፣ የደኅንነት ቀበቶው ሳይቀር ተዘርዝሮ እናገኛለን፤ መስታወቱን በቀጥታ የሚነካው ጨርቅ ግን «ልዩ ልዩ የጽዳት ዕቃዎች» በሚል አንድ መስመር ውስጥ ተጠቅልሎ ይታለፋል። ይህ መስመር የሕንፃ ባለቤቶችንም ሠራተኞችንም ብዙ እያስከፈለ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተነሣሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ግንባታው ገና የተጠናቀቀ አንድ ሕንፃ እንድናጸዳ ተላክን። የተሰጠን ጨርቅ በኪሎ የተገዛ፣ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ ቁርጥራጭ ነበር። አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ የመስኮቱን ደፍ ከሲሚንቶ አቧራ ከጠረገ በኋላ፣ ሌላ ጨርቅ ስላልነበረው፣ በዚያው መስታወቱን ወለወለ። በማግስቱ ከረፋዱ 3 ሰዓት ገደማ ፀሐይ በአግድም ስትመታው መስታወቱ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ፣ እንደ ቀስት የጎበጡ መስመሮች ታዩ፤ እጁ የተመላለሰበት መንገድ አንድ በአንድ ተጽፎ ነበር። ጨርቁን አስመጥቼ በአውራ ጣቴ ስዳብሰው አሸዋው ይቆረቁራል። ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ከደመወዙ ተቆረጠበት። ጥፋቱ የእጁ እንዳልሆነ ብናገርም የሰማኝ አልነበረም። የአሸዋ ዋና ክፍል የሆነው ኳርትዝ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን የመስኮት መስታወት 5.5 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በጨርቅ ውስጥ የተደበቀ አንድ የአሸዋ ቅንጣት፣ እጁ የቱንም ያህል ቢለሰልስ፣ መስታወቱን መቧጨሩ አይቀርም።

ሥራውን በቅርብ ለማያውቁት አንባቢዎች አንድ ነገር ላስረዳ። በባለሙያ እጅ መስታወት የሚጸዳው በጨርቅ በማሸት አይደለም። መጀመሪያ በብዙ ውሃና በጥቂት ሳሙና አቧራው ይለቀቃል፤ ከዚያ ባለ ጎማ መጥረጊያው ውሃውን ጠርጎ ያወርደዋል። ለጨርቁ የሚቀርለት ጠርዝ ላይ የቀረችውን እርጥበት መምጠጥ፣ የጎማውን አፍ በየመሳቡ ማድረቅ፣ በመጨረሻም ፍሬሙንና ደፉን መጥረግ ነው። ሦስቱ ሥራዎች ሦስት የተለያዩ ጨርቆች ይፈልጋሉ፤ ደፍ የነካ ጨርቅ ደግሞ ታጥቦ ካልሆነ በቀር ወደ መስታወት ፈጽሞ ሊመለስ አይገባም። እኔ በምመራው ቡድን ሰማያዊው ለመስታወት፣ አረንጓዴው ለጎማ፣ ቀዩ ለደፍ ነው፤ ቀለሙን የሚያምታታ ሠራተኛ እስካሁን አልገጠመኝም። ጨርቁን ሁለት ጊዜ አጥፎ በአራት ድርብ የሚይዝ ሰው ከአንዱ ጨርቅ ስምንት ንጹሕ ገጽ ያገኛል፤ ጨምድዶ የሚይዝ ግን ከሁለት በላይ አያገኝም።

ስለ ምርጫው ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጋዜጣ ነው። በየቤቱ መስኮት በጋዜጣ መወልወል የቆየ ልማድ ነው፤ ለአንድ ሁለት የቤት መስኮት ክፋት የለውም። በሥራችን ላይ ግን ወረቀቱ ሲርስ ይበጣጠሳል፣ ቀለሙም በነጭ ፍሬም ላይ ይቀራል። አዲስ አቡጀዲ በፋብሪካ የተቀባው ስታርች እስኪለቅ ድረስ ውሃ አይመጥጥም፣ መስታወቱንም ያደበዝዛል፤ በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ከታጠበ ግን ሥራ ይሠራል። ከሰልቫጅ የሚገኝ፣ ብዙ ጊዜ ታጥቦ የሳሳ የጥጥ ካናቴራ ከአዲሱ አቡጀዲ ይሻላል፤ ስፌቱ፣ ቁልፉና ኅትመቱ ተቆርጦ መጣል አለበት እንጂ። በእንግሊዝ አገር የቆዩት መስኮት ጠራጊዎች ከተልባ ቃጫ የተሠራ ሳሳ ያለ ጨርቅ ይጠቀሙ ነበር፤ ብናኝ የማይጥል ግሩም ጨርቅ ነው፤ እኛ ግን ተልባን የምናውቀው ፍሬውን ነው።

ዛሬ አብዛኛው ባለሙያ የሚመርጠው ማይክሮፋይበር የሚባለውን ነው። የሚሠራው እጅግ ከቀጠኑ ሰው ሠራሽ ክሮች፣ ከፖሊስተርና ከፖሊአማይድ (ናይለን) ሲሆን፣ የተለመደው ድርሻ 80 በመቶና 20 በመቶ ነው። ለመስታወት የሚስማማው ጸጉሩ አጭር፣ ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም የሆነው ነው፤ ለመኪና የሚሸጠው ወፍራምና ጸጉራም ዓይነት ብናኝና እርጥበት ትቶ ያልፋል። መርካቶ ላይ በዚህ ስም የሚሸጠው ሁሉ ግን ስሙን የሚመጥን አይደለም። እኔ ስገዛ በመዳፌ እዳብሰዋለሁ፤ ደህናው የሠራተኛ እጅ ላይ ያለውን ሸካራ ቆዳ ያዝ ያዝ ያደርጋል። ቀጥዬ ጠብታ ውሃ አፈስበታለሁ፤ ጠብታው ተንከባሎ ከቆመ አልገዛውም። ባለ ሱቁ ከፈቀደ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት አቃጥላለሁ፤ ጥጥ አመድ ይሆናል፣ ይህኛው ግን ቀልጦ ይጠቀለላል።

ጥሩ ጨርቅ ተገዝቶ በአንድ እጥበት ሲበላሽ ማየት ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል። የልብስ ማለስለሻ በክሮቹ ላይ ቅባት ለብጦ ውሃ እንዳይመጥጡ ያደርጋቸዋል፤ በረኪና ፖሊአማይዱን ይበላዋል፤ የፈላ ውሃ ክሮቹን ይጎዳል፣ የጋለ ካውያም ጫፎቹን ያቀልጣል። ከጥጥ ፎጣና ከወለል መወልወያ ጋር ከታጠበ ደግሞ ብናኙን ሁሉ ሰብስቦ ይዞ ይወጣል። እኛ አስቀድመን ደጅ ላይ እናራግፈዋለን፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ፣ ከባልዲው ሥር አሸዋ መዝቀጡ እስኪያቆም ድረስ እናለቀልቀዋለን፤ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና አጥበን አረፋው እስኪጠፋ እናጠራዋለን። የምናሰጣው ጥላ ውስጥ ነው፤ በመንገድ ዳር አጥር ላይ የተሰጣ ጨርቅ ሳይደርቅ አቧራ ይጠግባልና። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ሁሉ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። መጀመሪያ የመስታወቱን፣ ቀጥሎ የጎማውን፣ በመጨረሻ የደፉን ጨርቅ በዚያው ውሃ በተራ ካለቀለቅን ግን ሦስት ጀሪካን ለአንድ ቡድን የቀን ሥራ ይበቃናል።

ከተማችን በ2014 ዓ.ም. ከተመረቀው 209 ሜትር ከሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ጀምሮ መስታወት እየለበሰች ነው፤ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ያሉ ሕንፃዎችም ፊታቸውን እያሳመሩ ነው። ስለዚህ ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶችና የሕንፃ ባለቤቶች ሦስት ነገሮችን በውላቸው ላይ እንዲጽፉ እለምናለሁ፤ የጨርቁን ዓይነትና ክብደት፣ ለአንድ ሠራተኛ በቀን የሚሰጠውን ብዛት፣ ጨርቁ የት እንደሚታጠብና የውሃውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚቻልበትን ሁኔታ ይገድባል። ለተቧጨረ መስታወት ከሠራተኛ ሊቆርጥ ብዕር ያነሣ ኃላፊ ቢኖር፣ ከመፈረሙ በፊት ያን ጨርቅ አስመጥቶ በገዛ አውራ ጣቱ ይዳብሰው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመስታወት ጽዳት ፎርማን፣ ከአዲስ አበባ