ሱሉልታን በጠዋት የሚያልፍ እንግዳ ለምን ተርቦ ያልፋል?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ብዙ ጊዜ የማነበው መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እንግዳ ስጠብቅ ነው፣ ጽፌላችሁ ግን አላውቅም። የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ስራዬ ቱሪስት ማመላለስ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ደብረ ሊባኖስ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ እንጦጦን ወጥታችሁ ስትወርዱ ሜዳው ወለል ብሎ ሲከፈት ሱሉልታ ነው፣ ከዛ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ከዛ ፍቼ ሳይደረስ ወደ ገደሉ ይታጠፋል፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዶቹ ጭላዳ ዝንጀሮውን በጠዋት ማየት ስለሚፈልጉ 12 ሰዓት ላይ ነው የምንነሳው፣ ሆቴላቸው በዛ ሰዓት ቁርስ አያቀርብም፣ ስለዚ ሱሉልታ ስንደርስ ገና አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ሆዳቸው ባዶ ነው፣ እና ሁሌም አንድ ጥያቄ ይመጣል፣ "እዚህ ጥሩ ቁርስ የት ነው?"

ይሄን ጥያቄ ስንት ዓመት ሰማሁት። ተወልጄ ያደግኩበት ቦታ ላይ ቆሜ መልስ ሲጠፋኝ በጣም ነው የሚከፋኝ።

ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ጥር ላይ የሆነ ነገር ነው። ሁለት ጡረተኛ ባልና ሚስት ይዤ ነበር፣ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ስለ እህል ሲያስተምር የኖረ ነው፣ መንገድ ላይ ክምሩን ባየ ቁጥር "ያ ገብስ ነው? ያ ስንዴ ነው?" እያለ ነበር። ደህና ቁርስ ይብሉ ብዬ መንገዳችን ላይ ያለ አንድ ሆቴል አስገባኋቸው፣ ስሙን አልጠራም። የመጣላቸው በላስቲክ የታሸገ ዳቦ ተጠብሶ፣ ከውጭ የመጣች አንዲት ጣት የምታክል ማርማላታ፣ ኦምሌት፣ እና ለሻይ ደሞ የዱቄት ወተት። የዱቄት ወተት! እኛ ቁጭ ካልንበት መስኮት ማዶ እኮ ገበሬዎች በአህያ የጫኑትን የወተት ጀሪካን አሰልፈው ሰብሳቢውን መኪና እየጠበቁ ነው። ሰውየው አንዴ መስኮቱን አንዴ ስኒውን እያየ "ያ ወተት የት ነው የሚሄደው?" አለኝ። አዲስ አበባ አልኩት፣ ሌላ ምን ልበል። አስተናጋጁን ጠርቼ ጨጨብሳ ወይ ቅንጬ የላችሁም ወይ ስለው "ፈረንጅ እሱን አይበላም" አለኝ። ልጁ ምን ያድርግ፣ እንደዛ ተብሎ ነው የተማረው።

ከዛ ሂሳብ ከፍዬ ሳልነግራቸው እትዬ ጋ ወሰድኳቸው። እትዬ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ በሸራ የሰራቻት ቤት አለቻት፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ምድጃ፣ ደንበኞቿ የጎጃም መስመር የጭነት ሹፌሮችና የድርቆሽ ጫኞች ናቸው። "አካም ቡልቴ ልጄ፣ ዛሬ ደሞ እንግዳ አመጣህብኝ" አለች፣ ደንግጣ ጨርቁን ከወንበሩ ላይ ሰበሰበች። የጨጨብሳው ሊጥ ተቦክቶ ነበር፣ የስንዴና የገብስ ድብልቅ ነው የምትጠቀመው፣ ምጣዱ ላይ ሳስታ ዘረጋችው፣ ሲነፋፋ ገለበጠችው፣ ከዛ እንደጋለ አወጣችና ጣቷን እፍ እፍ እያለች ሰሃኑ ላይ ቆራረሰችው። በቢላ አይቆረጥም፣ በእጅ ነው፣ ለምን ቢሉ የተቀደደው ጠርዝ ነው ቅቤውን የሚጠጣው። ቅቤው ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት የተነጠረ የራሷ ላም ቅቤ ነው፣ በርበሬውን ትንሽ ነካ አድርጋ ስታሸው ሽታው አስፋልቱ ድረስ ይወጣል። ወተቱን ልጇ እያፈላ አመጣው፣ ስልባቦቱ ከላይ እንደያዘ። ሴትየዋ፣ የሰውየው ሚስት ማለቴ ነው፣ የመጀመሪያውን ስትጎርስ አይኗን ጨፈነች። ሰሃኑን ጠርገው በሉት፣ ደገሙ።

ሰውየው ገብስ እንዳለበት ስነግረው ጭራሽ ሌላ ሰው ሆነ። ቫቪሎቭ የሚባለው ትልቁ የሩሲያ የዕፅዋት ሳይንቲስት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ የገብሳችንን የዓይነት ብዛት አይቶ እንደተገረመ ነገረኝ፣ ደሞ የገብስን ቅጠል ቢጫ እያደረገ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ አለ፣ አሜሪካኖቹ ካሊፎርኒያ ላይ እሱን የሚቋቋም ዘር ያገኙት ከኢትዮጵያ ገብስ ነው አለኝ። እኔ እናቴ በሶ ስትበጠብጥ አይቼ ያደግኩ ሰው ይሄን ከእንግዳ አፍ ነው የሰማሁት። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰውየው ከውቅያኖስ ማዶ የመጣው ይሄን ለማየት ነው፣ እኛ ደሞ ከሱ ሀገር የመጣ ማርማላታ እናቀርብለታለን።

ምን ልል ፈልጌ ነው፣ ሱሉልታ ለእንግዳ ምን አላት ሲባል ሁሌ "ምንም፣ ማለፊያ ናት" ይባላል። ልክ ነው ማለፊያ ናት፣ ግን በስንት ሰዓት ነው የምትታለፈው? በቁርስ ሰዓት! ደብረ ሊባኖስ ሄያጅ በጠዋት ያልፋል፣ የጎጃም መስመር ሹፌር በጠዋት ያልፋል፣ እሁድ እሁድ በሳይክልና በሩጫ ከአዲስ አበባ የሚወጣው ወጣት በጠዋት ነው የሚመጣው። ሯጮቹማ እዚሁ ናቸው፣ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራኩን እዚህ ያሰራው በከንቱ አይደለም፣ ከፍታውና አየሩ ነው፣ ከውጭ ሀገር ሳይቀር ለልምምድ ይመጣሉ። ጠዋት ሮጦ የመጣ ሰው ምን ይፈልጋል? ገንፎ፣ በሶ በማር፣ ቅንጬ፣ ትኩስ ወተት። ሁሉም ከዚሁ መሬት የሚወጣ ነው። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውሃ ያቁራል፣ ለብዙ እህል አይመችም፣ ሳሩ ግን ሌላ ነው፣ ስለዚ ድርቆሽና ወተት ሆነ ኑሯችን፣ ከፍ ወዳለው ደሞ ገብስ። የኛ ቁርስ ቅቤና ወተት ገብስም የበዛበት መሬቱ ይሄን ስለሚሰጥ ነው። ይሄን ለእንግዳ ሰሃኑን አስቀምጦ መንገር እኮ ራሱ አንድ ጉብኝት ነው።

አንድ ነገር ደሞ ልጨምር፣ ሁሌ ሳስበው ደስ ስለሚለኝ ነው። ቁርስ የሚለው ቃል ከመቁረስ ነው የመጣው። ጨጨብሳ ደሞ በኦሮምኛ መሰባበር፣ መቆራረስ ማለት ነው። በሁለቱም ቋንቋ ጠዋት ማለት ዳቦ ወይ ቂጣ ቆርሶ ማካፈል ነው ማለት ነው። ይሄን ለእንግዶች ስነግራቸው ሁሉም ስልካቸው ላይ ይጽፉታል።

ሌላው ጋ አይቼዋለሁ፣ ይቻላል። ከአርባ ምንጭ በላይ ዶርዜ እንግዳ ወስጄ አውቃለሁ፣ እዛ ሴቶቹ እንሰቱን ሲፍቁ ያሳያሉ፣ ከዛ የቆጮውን ቂጣ ጋግረው ከማርና ከዳጣ ጋር ያቀርባሉ፣ እንግዳው በእጁ ይበላል፣ ብሩ እዛው መንደር ይቀራል። ሰው ወደዛ የሚወጣው ሽመናውንና የዝሆን ቅርጽ ያለውን ቤት ለማየት ነው፣ ሲመለስ ግን የሚያወራው ስለ ቆጮውና ስለ ዳጣው ነው። ወንጪም በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደር ብሎ ሲመርጣት ሐይቋን ብቻ አይቶ አይመስለኝም፣ የሰዉ አኗኗር ማሩም እንሰቱም አብሮ ነው። ሐረር ብትሄዱ ጠዋት ፉልና ፈጢራ አለ፣ ወለጋ ጭምቦና አንጮቴ አለ፣ ጉራጌ የቡላ ገንፎ አለ። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ ጠዋት አለው፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች ግን ከመቀሌ እስከ ጂንካ አንድ አይነት ቁርስ ነው ያላቸው፣ የዛኑ ኦምሌት።

መንግስትም ምግብ ምን እንደሚያመጣ አያጣውም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ገበታ ለሸገር ተብሎ ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር እራት ተበልቶ ለፓርክ ገንዘብ ተሰብስቧል፣ በ2013 ዓ.ም. ደሞ እንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ስንቱ ሰው ተራራው ላይ ይወጣል። ከዛ ተራራ ጀርባ ወርዶ የሚገኘው መጀመሪያ ከተማ ሱሉልታ ነው። ፓርኩ ያመጣውን ሰው ትንሽ ወደዚህ ብንጠራውስ? አሁን በሸገር ከተማ ስር ስለሆንን ጉዳዩ የሚመለከተው ካለ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም የምለው፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ከአስፋልቱ ዳር አንድ ሜዳ ይከለል፣ ውሃ ይግባ፣ ንጹህ ሽንት ቤት ይሰራ፣ እንደ እትዬ ያሉ ሴቶች ምድጃቸውን ይዘው ይምጡ፣ ወተት አምራቹ ወተቱን፣ ማር ያለው ማሩን ይዞ ጎን ይቀመጥ። በቃ። ሎጅ አላልኩም፣ ሸራና ውሃ ነው ያልኩት።

ውሃውን ደጋግሜ የምለው ምክንያት አለኝ። እኔ ራሴ እንግዳ እትዬ ጋ ስወስድ የእጅ ማስታጠቢያ ጀሪካን ከመኪናዬ ነው የማወርደው፣ ወተቱ መፍላቱን ቆሜ ነው የማየው፣ ምክንያቱም አንድ እንግዳ ሆዱን ቢያመው ሁለተኛ ማንም አይመጣም፣ እሷም ስሟ ይጠፋል። ንጽህናው ከሌለ ይሄ ሁሉ ወሬ ነው። ዋጋውም ተጽፎ ይሰቀል፣ ለሀበሻ ይሄን ለፈረንጅ ያንን የሚባለው ነገር በጣም ያስጠላል፣ እንግዳው ሲያውቅ የበላው ራሱ አይጥመውም። እትዬ ለሹፌሩም ለነሱም አንድ ዋጋ ነው ያስከፈለችው።

"ጾም ሲሆንስ?" የሚል አይጠፋም። ረቡዕና አርብ፣ ደሞም ዐቢይ ጾም 55 ቀን ቅቤ የለም፣ ሀቅ ነው፣ የሚጾመውም በጠዋት አይበላም። ግን እንግዳው አይጾምም፣ ሲሆን ደሞ ዛሬ ከውጭ ከሚመጣው ስንቱ ነው ቪጋን ነኝ፣ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አልበላም የሚለው፣ ቅንጬ በዘይት፣ ጨጨብሳ በተልባ፣ ገንፎ በሱፍ አለን እኮ፣ እነሱ አዲስ ነገር የሚሉት ለኛ የአያቶቻችን ነው። ደብረ ሊባኖስ ለመሳለም የሚሄደው የኛ ሰውም ሲሄድ አይቀምስም፣ ሲመለስ ግን ይርበዋል፣ ለሱ ከሰዓት አንድ ሁለት ምድጃ ይቆይለት። ወተቱም በጾም ሰሞን ነው ገበያ የሚያጣው፣ አዲስ አበባ የሚጠጣው ሲቀንስ ሰብሳቢው ዋጋ ይጥላል፣ ገበሬው ቅቤና አይብ አድርጎ ያስቀምጠዋል ወይ ለጥጃ ይሰጠዋል። በዛ ሰሞን የሚመጣ እንግዳ አንድ ሁለት ጀሪካን እንኳ ቢያነሳ ለዛ ቤት ቀላል አይደለም።

ለሆቴል ባለቤቶችም አንድ ነገር ልበል፣ ቁጣ አይደለም፣ ልመና ነው። ኦምሌቱን አውጡት አልልም፣ የለመደው ይብላ። ግን ሜኑው ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፣ "የሱሉልታ ቁርስ፣ ጨጨብሳ ከዚሁ አካባቢ ቅቤ ጋር፣ ትኩስ ወተት" ብላችሁ። የምታቀርቡትን ወተት ከመስኮታችሁ ማዶ ካለው ሰው ግዙ፣ ከዱቄቱ ይረክሳል ብዬ ነው የማስበው፣ ባይረክስም ይጣፍጣል። አስተናጋጆቹን ደሞ ምግቡ ከምን እንደተሰራ በአጭሩ እንዲናገሩ አስተምሯቸው፣ እንግዳው መጠየቁ አይቀርም።

እናንተም እንደ ጋዜጣ ብትረዱን ደስ ይለኛል። በየሳምንቱ የአንድ አካባቢን ቁርስ ብታወጡ፣ ከምን እንደሚሰራ፣ ማን እንደሚሰራው፣ የት ቁጭ ተብሎ እንደሚበላ፣ እኛ ሹፌሮችና ጋይዶች ቆርጠን መኪናችን ውስጥ እናስቀምጠዋለን። መጀመሪያ ሱሉልታ ከመጣችሁ ጋዜጠኛውን እኔው ከእንጦጦ በር አንስቼ አመጣዋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሁን፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ከመጣ የጭነት ሹፌሮቹ ይጨርሱታል። ስንት ሰው እንደሚመጣ ግን አርብ ማታ ንገሩኝ፣ እትዬ ሊጡን በልክ ነው የምታቦካው።

አክባሪያችሁ
ከሱሉልታ