የገበሬው ደብዳቤ ሲታተም የቤተሰቡ ወሬ ለምን ይቆረጣል?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች ተነሥተው ኢሊኖይና አዮዋ የሰፈሩ ገበሬዎች ለዘመዶቻቸው የጻፏቸውን ደብዳቤዎች በታሪክ ዓምዳችሁ ማስነበብ በመጀመራችሁ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ አቅራቢው ስለ ጦርነትና ስለ ሜዳው ስፋት የሚናገረውን ብቻ አትመው፣ ማን እንደ ወለደ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ማንን እንዳገባ የሚዘረዝረውን ለዛሬ አንባቢ አይጠቅምም በማለት በነጠብጣብ አልፈውታል። ገበሬው ግን ብዕር ያነሣው በነጠብጣብ ለታለፈው ጉዳይ ነበር።

ይህን የምለው ደብዳቤ መላክ በዚያ ዘመን ምን ያህል ውድ እንደ ነበር በማሰብ ነው (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እስከ 1845 ድረስ በአሜሪካ የፖስታ ሒሳብ የሚሰላው በወረቀቱ ቅጠልና በመንገዱ ርቀት ሲሆን፣ ከ400 ማይል በላይ ለሚጓዝ አንድ ቅጠል 25 ሳንቲም ይጠየቅ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። ማሸጊያው እንኳ እንደ ሌላ ቅጠል ስለሚቆጠር፣ ጸሐፊው አንዱን ሰፊ ወረቀት ለሁለት አጥፎ ሦስቱን ገጽ ይሞላና በአራተኛው ላይ አድራሻውን ጽፎ በሰም ያሽገዋል። ቦታ ያጠረው ሰው ደግሞ ወረቀቱን አዙሮ ቀድሞ በጻፈው መስመር ላይ አግድም ይጽፍበታል፤ እንዲህ ያለው ገጽ ዓይን እስኪለምደው ድረስ የተወሳሰበ ክር ይመስላል። ተቀባዩ ማኅተሙን ሲከፍት ወረቀቱ አብሮ ስለሚቀደድ ከሰሙ ሥር የነበሩ ቃላት የጠፉባቸው ደብዳቤዎችም ጥቂት አይደሉም። በ1851 ዋጋው አስቀድሞ ለሚከፍል ሰው ወደ 3 ሳንቲም ዝቅ ቢልም፣ ገበሬው ደብዳቤውን ለመቀበል ራሱ ፖስታ ቤት መሄድ ነበረበት፤ እስከ ገጠር ቤቶች የሚያደርስ የነፃ ዕደላ የተጀመረው በ1896 ነው። እንዲህ በውድ የተገኘን ቦታ ለላም መውለድና ለአሮጊት እናት ሳል የሰጠ ሰው፣ ቦታውን በከንቱ አላባከነም።

ከዚህ የሚበልጥ ምክንያትም አለኝ። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ በእያንዳንዱ ቤት ያለውን ነፃ ሰው በስሙ መመዝገብ የጀመረው በ1850 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው የቤቱ ኃላፊ ስም ብቻ ነበር፤ ሚስትና ልጆች በዕድሜና በፆታ ተከፍለው በቁጥር ይቀመጣሉ። የልደትና የሞት ምዝገባም በአብዛኞቹ ግዛቶች ዘግይቶ የመጣ ነው። በሁለት ቆጠራዎች መካከል ተወልዶ የሞተ ሕፃን እንግዲህ በመንግሥት ወረቀት ላይ አይገኝም፤ የሚገኘው፣ ዕድል ካለው፣ በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ የውስጥ ገጽና አባቱ ለአጎቱ በላከው ደብዳቤ ውስጥ ነው። የሞተው ልጅ ስም ከእርሱ በኋላ ለሚወለደው መሰጠቱ በዚያ ዘመን የተለመደ ስለ ነበር፣ ደብዳቤው ከተቆረጠ ሁለቱ ልጆች ለታሪክ አጥኚ አንድ ሰው ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ።

በደብዳቤዎቹ የሚጠቀሰውን የእህል ዋጋም እንዲሁ የቤተሰብ ወሬ አድርጌ ነው የማነበው። በ1820 የመንግሥት መሬት መነሻ ዋጋ ለአንድ ኤከር (ከግማሽ ሄክታር ያነሰ መሬት) 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም፣ የሚሸጠው ትንሹ ይዞታም 80 ኤከር ስለ ነበር፣ መቶ ዶላር ያጠራቀመ ሰው መሬት ሊገዛ ይችል ነበር። ገበሬው ስንዴው ስንት እንደ ወጣ፣ ሞያተኛ በቀን ስንት እንደሚከፈለው፣ በወንዝ ዳር የሰፈሩትን በየዓመቱ የሚያንቀጠቅጠው ንዳድ ዘንድሮ ማንን እንደ ጣለ የሚጽፈው፣ ወንድሙ ቤቱን ሸጦ ይምጣ ወይስ ይቅር የሚለውን እንዲወስንበት ነው። በ1862 የወጣው ሕግ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላረሰ ሰው 160 ኤከር ለነፃ በቀረበ ትንሽ ክፍያ ከፈቀደ በኋላም፣ በ1874 ካንሳስንና ነብራስካን አንበጣ ሲያጠፋቸው፣ ለመሄድ የተዘጋጁ ዘመዶች ከማንም በላይ የሚያምኑት ያንኑ ደብዳቤ ነበር።

ደብዳቤዎቹ ሁሉን ይናገራሉ ማለቴ ግን አይደለም። ለአንድ ሰው ተጽፈው ለጎረቤት ጭምር ጮክ ተብለው ስለሚነበቡ፣ ዕዳና የቤት ጠብ በአብዛኛው አይነሡባቸውም፤ አደፋፍሮ ያመጣውን ዘመድ ማሳዘን የማይፈልግ ሰውም ምርቱን አሳምሮ ይጽፋል። ስለዚህ ብልህ አንባቢ በሰላምታው ዝርዝር ላይ ያልተጠራውን ስም ይፈልጋል፤ ባለፈው ደብዳቤ ሰላምታ የላከ አማች በዚህኛው ከጠፋ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ሰላምታው ተቆርጦ ሲቀርብልን ይህን ማየት አንችልም።

እንግዲህ አምዱ የሚቀጥል ከሆነ፣ ቢያንስ አንዱን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ሰላምታ እስከ ጠርዙ ላይ እስከ ተጨመረው የመጨረሻ መስመር ድረስ ሳይቆረጥ እንድታትሙልን፣ የጠፋ ቃል ካለም የጠፋበትን ቦታ በቅንፍ እንድታመለክቱ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቦታ ካጠረ የመግቢያው ሐተታ ቢያጥር አንባቢ የሚቀየም አይመስለኝም።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ