የሴሮዌ ሕዝብ የት ሄደ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሴሬትሴ ካማና ስለ እንግሊዛዊት ባለቤታቸው ስለ ሩት ዊሊያምስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት አነበብኩት። በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በነበረችው ቤችዋናላንድ፣ በዛሬዋ ቦትስዋና፣ የባማንግዋቶ ሕዝብ አልጋ ወራሽ የነበሩት ሴሬትሴ ለንደን ውስጥ ሕግ ሲያጠኑ ከሩት ጋር መተዋወቃቸውን፣ የለንደኑ ጳጳስ የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ በመከልከላቸው እ.ኤ.አ. መስከረም 1948 በክብር መዝገብ ሹም ፊት መጋባታቸውን በሚገባ ተርካችኋል። ነገር ግን ታሪኩን የሁለት ሰዎች ፍቅርና የአንድ መንግሥት ጭካኔ ብቻ አድርጋችሁ አቅርባችሁታል። በመካከሉ የነበረው የባማንግዋቶ ሕዝብ በጽሑፋችሁ ውስጥ የለም። ይህ አሳዝኖኛል።

ሕዝቡ መጀመሪያ ላይ ጋብቻውን አልወደደም፤ ይህም መደበቅ የለበትም። የንጉሥ ሚስት የሕዝብ እናት ናት፤ ሕዝብ ሳይመክርበት እንዴት ትመረጣለች? የልጆቻቸውስ የአልጋ መብት ምን ይሆናል? በ1948 መጨረሻ በባማንግዋቶ ዋና ከተማ በሴሮዌ በክጎትላ፣ ማለትም በሕዝቡ ሸንጎ፣ ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ተቃወሙ። ከተቃዋሚዎቹም ፊት የቆሙት ሴሬትሴን ከሕፃንነታቸው ያሳደጉትና በስማቸው አገሩን ያስተዳድሩ የነበሩት አጎታቸው ትሸኬዲ ካማ ነበሩ። በሰኔ 1949 ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሴሬትሴ በሸንጎው መካከል ቆመው ጋብቻውን የሚቃወም እንዲነሣ ሲጠይቁ የተነሡት ጥቂቶች ነበሩ። የሚደግፍ ይነሣ ሲሉ ሕዝቡ በሺዎች ግልብጥ ብሎ ተነሣ። አንዳንዶቹ ትሸኬዲ አልጋውን ለራሳቸው ይፈልጉታል ብለው ጠርጥረው ነበር፤ ሌሎቹ ደግሞ ሕጋዊ ወራሻቸውን ከማጣት ነጭ ንግሥት መቀበልን መረጡ። ምክንያታቸው ምንም ይሁን ምን፣ በየተራ ተናግረውና ተከራክረው የደረሱበት የራሳቸው ውሳኔ ነበር።

ለንደን የሻረችው ይህንን ውሳኔ ነው። በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ አራማጁ የማላን ፓርቲ በ1948 ሥልጣን ይዞ በማግስቱ ዓመት በነጭና በሌላ ዘር መካከል የሚደረግን ጋብቻ በሕግ ከልክሏል። ቤችዋናላንድ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ጎረቤት ብቻ አልነበረችም፤ የእንግሊዝ አስተዳደሯ መቀመጫ ራሱ በደቡብ አፍሪካ ምድር፣ በማፊኪንግ ከተማ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዳክማ የወጣችው እንግሊዝም የደቡብ አፍሪካን ወርቅና ዩራኒየም ትፈልግ ነበር። ስለዚህ በዳኛ ሃራጊን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ሴሬትሴ ለመምራት ብቁ እንደሆኑ፣ እንቅፋቱ ጋብቻቸውና እርሱ የሚያስከትለው የጎረቤት ቁጣ እንደሆነ ጻፈ። ይህ ሪፖርት ለሠላሳ ዓመታት ያህል ተደበቀ። ለእኔ ከስደቱም በላይ የሚያንገበግበው ይህ ነው፤ ጥፋት እንደሌለባቸው በጽሑፍ ያረጋገጡ ሰዎች ቀጧቸው።

በ1950 መጀመሪያ ሴሬትሴ ለምክክር ተብለው ወደ ለንደን ተጠሩ። አልጋውን ቢተዉ በዓመት 1,100 ፓውንድ እንደሚከፈላቸው ተነገራቸው፤ እምቢ ሲሉ ለአምስት ዓመት ወደ አገራቸው እንዳይገቡ ታገዱ። ሩት በዚያ ወቅት ነፍሰ ጡር ሆነው ሴሮዌ ነበሩ። የእንግሊዙ ከፍተኛ ኮሚሽነር ኤቭሊን ቤሪንግ ውሳኔውን ለሕዝቡ ሊያስታውቁ በመጋቢት ወር ሙሉ የማዕረግ ልብሳቸውን ለብሰው ሴሮዌ ሲደርሱ ሸንጎው ባዶ ነበር። ሕዝቡ አልመጣም። ጠመንጃ የሌለው ሕዝብ የአንድን ታላቅ መንግሥት እንደራሴ አድማጭ አሳጣው። ጽሑፋችሁ ይህን ቀን እንዴት ሊያልፈው ቻለ?

ሌላ አለቃ ምረጡ ሲባሉም አሻፈረን አሉ። ቸርችል ተቃዋሚ ሳሉ የሠራተኛ ፓርቲውን መንግሥት በዚህ ጉዳይ ነቅፈው ነበር፤ ሥልጣን ሲይዙ ግን የእርሳቸው መንግሥት በ1952 እገዳውን ዘላቂ አደረገው። በዚያው ዓመት ሴሮዌ ውስጥ ሁከት ተነሥቶ ሦስት ፖሊሶች ሞቱ፤ ይህም የታሪኩ ክፍል ነውና መነገር አለበት። በመጨረሻ በ1956 ሴሬትሴ አልጋውን ትተው እንደ ተራ ዜጋ እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው፤ ከአጎታቸውም ጋር ታረቁ። በመስከረም 1966 ቦትስዋና ነጻ ስትወጣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ጽሑፋችሁ የነጻነቱን ቀን ከፍቅራቸው ድል ጋር ብቻ አያይዞ ይደመድማል። በቀጣዩ እትማችሁ ስለ ሰኔ 1949 ሸንጎና ስለ ቤሪንግ ባዶ ስብሰባ ቢያንስ አንድ ገጽ እንድትሰጡ እጠይቃለሁ። የሃራጊን ሪፖርትም ምን ይል እንደነበር ለአንባቢ ይነገር፤ ዛሬ ምስጢር አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህር፣ ከደሴ