ያ የጣርማ በር መንገድ፣ አባባ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ለፋሲካ ስመጣ የጀመርነው ወሬ ሆዴ ውስጥ ቀርቷል። «ጣልያን ክፉ ቢሆንም መንገድ ሠርቶልናል» አሉኝ። እንግዳ ስለነበረ ዝም አልኩ። በጣርማ በር የሚያልፈውን የደሴን መንገድ በኤንትሬ ካሚዮን ዕድሜ ልኩን የነዳ ሰው ስለ መንገድ ሲናገር መልስ መስጠትም ከበደኝ። በዚያ መንገድ ነው ያሳደጉን፤ እሱን መቼም አልረሳውም።

ያልዋጠልኝ «ሠርቶልናል» የሚለው ቃል ነው። መንገዱ የተቀየሰው ወታደርና ጥይት ቶሎ ለማድረስ፣ አርበኛውን ለማሳደድ ነበር። ከኢጣልያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ መጣ። የሚበላው ዱቄት ሳይቀር ባሕር ተሻግሮ ይመጣለት ነበር። ገበሬው ሲሸሽና ሲሸፍት፣ ራሷን ትቀልብ የነበረች አገር ስንዴ ከውጭ አስገቢ ሆነች። ወደ ውጭ የምንልከው ቡናና ቆዳ ደግሞ ቀነሰ። ካሚዮን ጭኖ መጥቶ ባዶውን ሲመለስ ኪሳራው ስንት እንደሆነ፣ አባባ፣ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?

ያቺን በጨርቅ ጠቅልለው የሰጡኝን ማርትሬዛ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለባትን የድሮ የብር ሳንቲም፣ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫታለሁ። አሁንም በርበሬ በርበሬ ትሸታለች። ባንክ ስሠራ ብዙ ገንዘብ በእጄ አልፏል፤ እንደ እሷ ግን የከበደኝ የለም። 1780 የሚለው የፈረንጅ ዓመት ይነበባል። የንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ግን ተፍቀዋል። አያቴ በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ትለያት ነበር ያሉኝ ትዝ አለኝ።

ጣልያን አዲስ አበባን በ1928 ዓ.ም. እንደያዘ ሕዝቡ በራሱ የወረቀት ገንዘብ፣ በሊሬ ይገበያይ ብሎ አዘዘ። በ1923 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ባንክ ዘጋና የራሱን ባንኮች ከፈተ። ገበያተኛው ግን ወረቀቱን አላመነውም። ብር ቢቀልጥም ብር ነው። ወረቀት ያተመው መንግሥት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። አያቴ ቅቤዋን በሊሬ አልሸጥም ብላ ቅሉን ተሸክማ ወደ ቤቷ የተመለሰችው ለዚህ ነው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ይህን ማወቋ ሁሌም ይገርመኛል፤ ያኮራኛልም። ጣልያን እኮ ራሱ ሮም ውስጥ ማርትሬዛ ያስመታ ነበር! ለብሩ የሚከፍለውን ሊሬም ደጋግሞ መጨመር ግድ ሆነበት። በ1933 ሲባረር የሊሬ ዋጋ ወደቀ። የአያቴ ብር ግን ያው ብር ነበረ።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ገንዘባችን ወዲያው የራሳችን አልሆነም። እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ይዘው መጡ። የራሳችን ብር የወጣው በ1937 ነው። ሁለቱ ሽልንግ በአንድ ብር ይመነዘር ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ሃምሳ ሳንቲሟን እስከ ዛሬ ሽልንግ የሚሏት።

መንገዱም ቢሆን ጠጋኝ አጥቶ ይፈራርስ ጀመር። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ አውራ ጎዳና የተቋቋመውና መንግሥት ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ የተበደረው በ1943 ነው። ዕዳውን የከፈልነው እኛ ነን፣ አባባ። እርስዎ መሪ የጨበጡት በዚያ በተጠገነው መንገድ ላይ ነው። ሮም ያሰበችልዎት ነገር አልነበረም። ዳገቱን ያለ እንቅልፍ ወጥተው እኛን ያስተማሩን እርስዎ ራስዎ ነዎት። ምስጋናው ለሌላ ሲሰጥ ይከፋኛል።

ለቡሄ እመጣለሁ። የጉልበትዎን ቅባት ገዝቻለሁ፤ እስከዚያ ብርድ ላይ አይቀመጡ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ አያቴ ጓሮ ቀብራው ነበር ያሉኝ ብር ሁሉም ወጥቷል? ወይስ ይቺ ብቻ ናት የተረፈችው?

ጉልበትዎን እስማለሁ።
ልጅዎ